መጨረሻውን እያወቅኩት ለምንድነው የማላጠፋው? የቲቪ ሮማንቲክ ኮሜዲ ወዳጆች ወዲህ በሉ

የሙጋዷ፦

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ ትንሽ የሚያሳፍር ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ፣ መሳቁን ሳቁ ግን መልስ ሳትሰጡ እንዳታልፉ።

እሁድ ከሰዓት ቤታችን ቡና ሲፈላ ቲቪው ላይ አንድ ሮማንቲክ ኮሜዲ መኖር አለበት። ሲኒማ የሚገቡትን ትልልቆቹን አይደለም የምላችሁ፣ እነዚያን በቀጥታ ለቲቪ ተብለው የሚሠሩትን፣ ፖስተራቸው ላይ ሴቷ ቀይ ኮት ወንዱ አረንጓዴ ሹራብ ለብሰው ፈገግ የሚሉትን። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሴትየዋ ትልቅ ከተማ ትልቅ ሥራ አላት፣ ስልክ ከጆሮዋ አይወርድም፣ ከሷ የባሰ ሥራ የሚበዛበት እጮኛም አላት፣ ከዚያ አያቷ ቤት ወይ ዳቦ ቤት ታወርሳታለች፣ ሸጣ ልትመለስ ለሦስት ቀን ብላ ትንሿ ከተማ ትሄዳለች፣ መኪናዋ መንገድ ላይ ይበላሻል፣ ማን ይደርስላታል? ጺሙን ያሳደገ አናጺ! አናጺው ደግሞ ሚስቱ የሞተችበት ነው፣ ከአዋቂዎቹ ሁሉ የምትበልጥ የስምንት ዓመት ልጅ አለችው፣ ኩኪስ ይጋገራል፣ የከተማው በዓል በገንዘብ እጥረት ሊቀር ይላል፣ ሊሳሳሙ ከንፈር ለከንፈር ሲቃረቡ አንዱ በር ያንኳኳል... በቃ ይሄው ነው። ታናሽ ወንድሜ ሁልጊዜ በሳሎን ሲያልፍ «የዛሬው ከባለፈው በምን ይለያል?» ይለኛል፣ ባለፈው ጊዜ ብቸኛው ልዩነት ውሻው ስለነበር «በውሻው» አልኩት።

የእማን ደግሞ ልንገራችሁ። እንግሊዝኛ አትሰማም፣ ቻናሉ የዓረብ ስለሆነ ከሥር የሚጻፈው ዓረብኛ ነው፣ እሷ ልጅ ሆና ቁርኣን ስለቀራች ፊደሉን ጥርት አድርጋ ታነበዋለች ትርጉሙን ግን አታውቀውም። እና ጮክ ብላ ታነባለች! ቀልብ፣ ሰብር፣ ዘዋጅ የመሳሰሉትን ስታገኝ ብቻ ቆም ትልና ከፊታቸው ጋር አገናኝታ የራሷን ታሪክ ትሠራለች። ዘዋጅ (ጋብቻ ማለት ነው) ሲመጣማ «አላልኩም!» ብላ ረከቦቱን ትመታለች። የሚገርመው ታሪኩን ስታ አታውቅም። አንድም ቀን።

ጥያቄዬ፣ መጨረሻውን ከፖስተሩ እያወቅኩት ለምንድነው የማላጠፋው? ስንፍና ነው? ደግሞስ እንዴት ነው ሁሉም አንድ ዓይነት የሚሆኑት፣ አንድ ሰው ነው እንዴ የሚጽፋቸው? ሦስተኛ፣ እንዲህ ያለ ፊልም ደሴ ላይ ይሠራ ቢባል ምን ይመስል ነበር?

ካሜራው ዘ ኮምቦልቻ፦

ሁለተኛውን ለኔ ተዉት። እኔ ሥራዬ ሠርግ መቅረጽና ኤዲት ማድረግ ስለሆነ እነዚህን ፊልሞች የማያቸው እንደ ባለሙያ ነው (እንዲህ እያልኩ ነው ቤት ውስጥ የማመልጠው)።

በጣም የታወቀው አምራች ሆልማርክ ነው። መነሻው ፊልም ሳይሆን የመልካም ምኞት ካርድ መሸጥ ነው፣ በ1910 (ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ካንሳስ ሲቲ የተጀመረ የፖስትካርድ ድርጅት፣ ቻናሉ በዚህ ስም መጠራት የጀመረው ግን በ2001 ነው። ይሄን ካወቅሽ ብዙ ነገር ይገባሻል፣ ፊልሙ የሚንቀሳቀስ ፖስትካርድ ነው በቃ፣ ፊት ለፊቱ ላይ በረዶና መብራት ውስጡ ላይ ደግሞ ሁለት መስመር ጥሩ ቃል። ከ2009 ጀምሮ ለገና ብለው ፊልም በፊልም የሚያደርጉበት ፕሮግራም አላቸው፣ እኛ ጥቅምት ላይ ሆነን እነሱ ገና ጀምረዋል፣ የኛ ገና ታኅሣሥ 29 ሲደርስ ደግሞ ጨርሰው ወደ ቫለንታይን ተሻግረዋል ሃሃ። በአንድ ወቅት እስከ አርባ የሚደርስ አዲስ ፊልም ያወጡበት ዓመት አለ። አርባ! እኔ በዓመት አርባ ሠርግ ብቀርጽ ቤት በሠራሁ።

አንድ ዓይነት የሚሆኑበት ምክንያት የሰዓት ጉዳይ ነው። ፕሮግራሙ ሁለት ሰዓት ነው የተመደበለት፣ ፊልሙ ራሱ ግን 85 ደቂቃ አካባቢ ነው፣ ሌላው ማስታወቂያ ነው። ስለዚህ ስክሪፕቱ ለማስታወቂያ ተብሎ ዘጠኝ ቦታ ይቆረጣል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ሲያልቅ ተመልካቹ ቻናል እንዳይቀይር ትንሽዬ ጥያቄ ትቶ መሄድ አለበት። ያ በር የሚያንኳኳው ሰውዬ ማን መሰለሽ? ማስታወቂያው ነው የላከው። አሁን ይሳማሉ ስትዪ ይቋረጣል፣ ሳሙና ይሸጥልሻል፣ ትመለሻለሽ። መጨረሻ አካባቢ ያለችው አለመግባባትም (ስልክ ላይ ግማሹን ሰምታ ተቀይማ ሻንጣ የምትሸክፈው) ቦታዋ አይዛነፍም፣ እኔ ሰዓቴን አይቼ «አሁን ትኮርፋለች» እላለሁ ትኮርፋለች።

ቀረጻው ደግሞ ሁለት ሳምንት ወይ ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ አብዛኛው የሚሠራው አሜሪካ ሳይሆን ካናዳ ቫንኩቨር ዙሪያ ነው ምክንያቱም ክፍለ ሀገሩ ለፊልም ሠሪ የታክስ ተመላሽ ይሰጣል። የገናውን ፊልም ብዙ ጊዜ በእነሱ በጋ፣ ሐምሌ ምናምን ላይ፣ ነው የሚቀርጹት፣ በረዶው አረፋና ወረቀት ምናምን ነው፣ ተዋናዮቹ ኮትና ሻርፕ ደርበው በላብ ተጠምቀው ነው «ኧረ ብርዱ» የሚሉት። ልብ ብለሽ እዪ፣ ሲያወሩ ከአፋቸው ጭስ አይወጣም። ደሴ ያደገ ሰው በዚህ ሊሸወድ አይገባም፣ እኛ ኅዳር ላይ ጠዋት አፋችንን ስንከፍት ምን እንደሚወጣ እናውቃለን። ተዋናዮቹም የሚደጋገሙት ለዚህ ነው፣ ሌሲ ቻበርት የምትባለዋ ብቻዋን ከሠላሳ በላይ የሆልማርክ ፊልም ሠርታለች፣ ታሪኩ ከተመሳሰለ ፊቱም ይመሳሰል ብለው ነው መሰለኝ፣ ልክ እንደ ሰፈር ሰው ትለምጂያታለሽ።

እውነቱን መራራ ነው፦

ይቅርታ ግን አንድ ሰው መናገር ስላለበት እኔ ልናገር። ስንፍና ነው። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ የቤት ኪራይ የሚጠይቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዳቦ ቤቷ በቀን አራት ደንበኛ ነው ያላት ሦስቱ ሊያወሩ የመጡ ናቸው፣ ግብር የለ፣ የዱቄት ዋጋ አይጨምር፣ መብራት አይጠፋ። አናጺው በሳምንት አንድ ወንበር ይሠራል እሱንም በስጦታ ይሰጣል። እኔ እንደዚህ ያለ አናጺ ባገኝ እኔም ጺሙን አልጠላም።

ይሄ እንኳን ይቅር። የሚያናድደኝ ሌላ ነው፣ ሁልጊዜ ሥራዋን የምትተወው ለምን ሴቷ ሆነች? እህቴ ዩኒቨርሲቲ ተምራ ሥራ እስክታገኝ የከፈለችውን ቤተሰባችን ያውቃል፣ እሷ እንደዚህ ፊልም ሁሉን ትታ ኩኪስ ልጋግር ብትል እናታችን ምን እንደምታደርግ መገመት አይከብድም። የትልቁ ከተማ ሥራ ሁሉ ባዶ፣ የትንሹ ከተማ ሰው ሁሉ ደግ፣ ይሄማ ስብከት ነው። እኔ ትንሽ ከተማ አድጌያለሁ፣ ሰው ደግ ነው እሺ፣ ግን ማን ከማን ጋር ታየ የሚለውንም ከኤፍኤም ቀድሞ ነው የሚያወራው።

ገራዶ ያለችው፦

ወንድሜ የሥራውን ነገር ልክ ነህ እኔም ያናድደኛል፣ ስንፍና ያልከውን ግን አልቀበልህም። እኔ የሦስት ልጆች እናት ነኝ ቤት ውስጥ ሥራ አያልቅም፣ ተቀምጬ በፀጥታ ማየት ያለብኝን ፊልም የት ነው የማየው? አንድ ነገር ካመለጠህ የማይገባህ ፊልም ለነጠላ ሰው ነው የተሠራው። ይሄኛው ግን ሽሮ ልታማስል ገብተህ ብትመለስ ገና እየተኮራረፉ ነው።

የኛ ቡና ሲጠጣ ልብ በይ እስቲ የሙጋዷ። አቦል ላይ ይተዋወቃሉ ይጣላሉ፣ ሁላችንም እንስቃለን፣ ቶና ላይ ኩኪስ ይጋገራል በዓሉ ይዘጋጃል፣ እዚህ ጋ ማንም ቲቪውን አያይም፣ የጎረቤት ወሬ የሚመጣው እዚህ ነው፣ የማን ልጅ ታጨች፣ ማን ዓረብ አገር ሄደች፣ በረካ ላይ ኩርፊያና እርቅ። ፊልሙ ወሬ አያቋርጥብንም። መጨረሻውን ስለምናውቀው ነው እኮ ማውራት የቻልነው፣ ካላወቅን ዝም እንበል ይባላል፣ ዝም የተባለበት ቡና ደግሞ ምን ቡና ነው። ቃና በ2008 ሲጀምር የቱርክ ድራማ በአማርኛ ስናይ ጊዜ እኮ ቤቱ ሁሉ «ዝም በሉ!» ሆኖ ነበር፣ መቶ ምናምን ክፍል፣ አንድ ቀን ካመለጠሽ ሳምንቱን ሙሉ ስትጠይቂ ነው። አማቴ በዚያ ሰሞን ቡና ላይ ያየችኝን በጣት ቆጥሬዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልበል ከባድ ነው ግን ልበለው። በ2014 ተሰደን ቆይተን ታኅሣሥ ላይ ወደ ደሴ ስንመለስ፣ መብራት መጥቶ ቲቪው ሲበራ፣ ባለቤቴ ዜና ሲከፍት ትልቋ ልጄ ተነስታ ትወጣ ነበር። አክሽን ፊልም ሲሆንም ትወጣለች። ማንም የማይሞትበት፣ በር ሲንኳኳ ኩኪስ ይዞ የመጣ ጎረቤት የሚሆንበት ፊልም ሲሆን ግን መጥታ ጉያዬ ትገባ ነበር። እሷ ናት ያስለመደችኝ። ከዚያ ወዲህ የቤት ኪራይ ለምን አይከፍሉም ብዬ አልጠየቅኩም።

እውነቱን መራራ ነው፦

እሺ እህቴ፣ እዚህ ላይ አፌን ይዣለሁ።

አሮጌ ፊልም፦

ስለ መሳሳሙ አንድ ነገር ልጨምር፣ በር ማንኳኳቱን የፈጠረው ማስታወቂያ ብቻ አይደለም። ሆሊውድ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1934 ጀምሮ ሄይስ ኮድ የሚባል የሥነ ምግባር ደንብ በጥብቅ ያስከብር ነበር፣ እስከ 1968 ቆይቷል፣ አልጋው መሳሙ ምናምኑ በልክ ነበር። ታዲያ ጸሐፊዎቹ ምን አደረጉ፣ ፍቅሩን ወደ ጭቅጭቅ አዞሩት። ሁለቱ ሰዎች በፍጥነት ሲነካከሱ ሲሰዳደቡ ተመልካቹ «እነዚህማ ተዋደዋል» ይላል። የዛሬዎቹ የቲቪ ሮማንቲክ ኮሜዲዎች ደንብ ባያስገድዳቸውም ከልጅ እስከ አያት አብሮ እንዲያያቸው ስለሚፈልጉ እዚያው መንገድ ላይ ናቸው፣ መሳሙ አንዴ፣ መጨረሻ ላይ፣ ያውም አፍ ሳይከፈት።

ይሄ ለወሎ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። እኛ አገር ልጅና ኮረዳ በግጥም ሲነካኩ፣ አንዱ ሲወረውር ሌላዋ ስትመልስ፣ ቤተሰብ ፊት ሆኖ ማንም ምንም ማለት አይችልም ምክንያቱም ሰሙን ነው የሰሙት ወርቁ ለሁለቱ ነው። የሙጋዷ እናትሽ ታሪኩን የማይስቱት ዓረብኛውን ስለሚያነቡ አይመስለኝም፣ ዓይኑን እያዩ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ይሄን ሲያዩ ነው ያደጉት።

ባለ ካናቴራው፦

ተኮምቦልቻ ነኝ። ሦስተኛውን ጥያቄ ማንም አልነካውም እና እኔ ልሞክረው፣ ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ቁጭ ብዬ ሳስበው አመሸሁ ወላሂ።

ልጂቱ አዲስ አበባ ቤት የሚያሻሽጥ ድርጅት ውስጥ ናት፣ ቦሌ፣ ስልክ ተጆሮዋ አይወርድም። አያቷ ደሴ ሸዋ በር አካባቢ አንድ የእንጨት በረንዳ ያለው አሮጌ ቤት አውርሳት ሞተች። ልትሸጥ ትመጣለች፣ 400 ኪሎ ሜትር፣ ተኮምቦልቻ አልፋ ሐረጎን ስትወጣ ጉሙ ይወርዳል፣ መኪናዋ ቀጥ ይላል። በረዶ ምን ያደርግልናል፣ አረፋ አንገዛም፣ ሐረጎ ላይ በነፃ ጉም አለ! ተዚያ ተጉሙ ውስጥ አንድ አይሱዙ ብቅ ይላል፣ ሹፌሩ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፣ በካናቴራ። በካናቴራ ደሴ ሊገባ! እሷ ትስቅበታለች፣ እሱ ደግሞ «ደሴዎች ብርድን እንደ ሹመት ነው የምታዩት» ይላታል። ይኸው ተጣሉ።

ተዚህ በኋላ ፊልሙን የሚያስኬደው ጃኬት ነው። ደሴ ሲመጣ የአያቷን ጋቢ ታለብሰዋለች፣ እሷ ኮምቦልቻ ስትወርድ ያንን ሁሉ ኮት አውልቃ እሱ ይሸከመዋል፣ 25 ኪሎ ሜትር መንገድ ናት ግን ሁለት ወቅት አላት። ልጅ የሚሆን እህቱን እናድርግ፣ አሥር ዓመቷ፣ ነገረኛ። በዓሉ ደሞ ቤቱ ግቢ ውስጥ ጎረቤት ሁሉ በየዓመቱ የሚሰበሰብበት የአያቷ ዝክር ይሁን፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ነው የሚመጣው፣ ቤቱ ተተሸጠ ዝክሩ ቀረ። በረንዳ ላይ ቆመው ጦሳ ላይ ፀሐይ ስትገባ እያዩ ጠጋ ጠጋ ሲሉ ጎረቤት በአጥር ብቅ ብላ «ኑ ቡና ጠጡ!» ትላለች። ማስታወቂያ።

ኩርፊያው፣ በስልክ «...ተእሷ በርካሽ አስወጣዋለሁ» ሲል ግማሹን ብቻ ትሰማዋለች፣ ደላላ ነው ብላ ሻንጣዋን ትሸክፋለች። እሱ እኮ የሚያወራው ስለ አይሱዙው ጎማ ነው፣ «ጎማውን ተእሷ በርካሽ» ነበር ያለው። መጨረሻው መሳም አይሆንም ቤተሰብ አብሮ ነው የሚያየው። መጨረሻው ሽማግሌ ነው። አራት ሽማግሌ ተኮምቦልቻ በሚኒባስ ይወጣሉ፣ ሐረጎ ላይ ሲደርሱ አራቱም በአንዴ ጋቢያቸውን ተፌስታል አውጥተው ይደርባሉ። ሙዚቃው አንቺ ሆዬ። ጨርሻለሁ።

የሙጋዷ፦

ለእማ አነበብኩላት!!! እስከ ሽማግሌዎቹ ድረስ ዝም ብላ ሰማች፣ ከዚያ «ልጁ የማን ልጅ ነው?» አለችኝ። ፊልም ነው እማ፣ ሰው የፈጠረው ነው ብላት «ቢሆንም ዘሩ መነገር አለበት፣ ሽማግሌ የሚላከው እንዲሁ ነው እንዴ» አለች። ዝክሩን ወዳዋለች፣ ጎረቤቷንም፣ ግን ቡና ጠጡ ያለችው ሴትዮ አውቃ ነው ያቋረጠችው ብላ ፈርዳለች፣ «ከአጥር ወዲያ ሆና ታያቸው ነበር» አለች። ወንድሜም በሳሎን ሲያልፍ ቆሞ ሰማ። ካናቴራው ላይ ሳቀ።

ገራዶ ያለሽው እህቴ፣ የቡናውን ነገር አንብቤ ለራሴ ሳቅኩ፣ ቶና ላይ ቲቪውን የማናየው እውነት ነው፣ ለዓመታት አይቼዋለሁ ያልኩት ፊልም መካከሉን አላውቀውም ማለት ነው። ካሜራው፣ ስለ አፍ ጭሱ ነግረኸኝ ባለፈው እሁድ ሌላ ምንም አላየሁም፣ አበላሸኸኝ።

ካሜራው ዘ ኮምቦልቻ፦

ባለ ካናቴራው፣ ካሜራ አለኝ፣ ድሮን አለኝ፣ ጉሙ ላይ ድሮን አይነሳም እንጂ። ሁለት ሳምንት በቂ ነው ብያችሁ የለ። ሽማግሌዎቹን ከየት እናምጣ የሚለው ነው፣ እውነተኛ ሽማግሌ ካመጣን እውነት ያስታርቁብናል።

እውነቱን መራራ ነው፦

ጣልቃ ገባሁ ይቅርታ፣ ይሄ ስክሪፕት ላይ ግን ችግር አለ። ልጅቷ ሥራዋን ትተዋለች ወይ? ባለ ካናቴራው ይሄን ዘልለኸዋል። እኔ የምለው፣ የአያቷን ቤት ትይዝ፣ ዝክሩም ይቀጥል፣ ሥራዋን ግን ደሴ ቢሮ ከፍታ ትቀጥል፣ ቤት ማሻሻጥ እዚህስ የለም እንዴ። እሱ ነው ደግሞ ሚኒባስ ተሳፍሮ የሚመላለሰው። ሌላው፣ አይሱዙ በጉም ሐረጎን እየወጣ መሃል መንገድ አይቆምም፣ ከኋላ የሚመጣው ይገጨዋል፣ ጥግ ይዞ መብራት አብርቶ ነው መቆም ያለበት። እህትየዋን አሥራ ሁለት ዓመት አድርጓት፣ አሥር ለዚህ ሁሉ ነገር ታንሳለች።

ባለ ካናቴራው፦

ሃሃሃሃ ስንፍና ነው ያልኸው አንተ አልነበርህም? ጥግ መያዙን ተቀብያለሁ። አሥራ ሁለት ግን አይሆንም፣ አሥራ ሁለት ዓመት የኮምቦልቻ ልጅ ሽማግሌውን ራሷ ትልካለች።